ከአንኮበር እስከ ጓሳ ውሻ ይዞ በእግር መጓዝ ይቻላል ወይ?

የቀረበልኝ ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ሁለት ዓመት ከግማሽ የሆነው፣ 24 ኪሎ የሚመዝን የሐበሻ ውሻ አለኝ። ከጓደኛዬ ጋር በጥር ወር ከደብረ ብርሃን ተነሥተን ወደ አንኮበር፣ ከዚያ በወፍ ዋሻ ደን በኩል ወደ ደብረ ሲና፣ በመጨረሻም ወደ መንዝ ጓሳ ወጥተን በድንኳን እያደርን በእግር ለመጓዝ አስበናል። ውሻው ጠንካራ ነው፤ ጠዋት ጠዋት አብሮኝ ይሮጣል። ለእሱ ምን ምን ማዘጋጀት አለብኝ?»

በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ለብዙ ዓመታት በእንስሳት ሐኪምነት ስለ ሠራሁ፣ የሚያነሷቸውን መንገዶች አብዛኛዎቹን በእግሬ አውቃቸዋለሁ፤ በእነዚህ መንገዶች ላይ የተጎዱ ውሾችንም አክሜያለሁ። መልሴ ሁለት ክፍል አለው። ከአንኮበር እስከ ደብረ ሲና ያለውን ጉዞ በሚገባ ከተዘጋጁ ከውሻዎ ጋር ሊጓዙት ይችላሉ። ወደ ጓሳ ግን ውሻዎን ይዘው እንዳይወጡ አጥብቄ እለምንዎታለሁ፤ የትኛውም ክትባትና የትኛውም ገመድ ይህን ምክሬን አያስቀይረውም።

ከጓሳ የምጀምረውም ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ እሱ በመሆኑ ነው። የመንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥበቃ ቦታ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተዘረጋ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የውርጭ አገር ነው። የመንዝ ሰው ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ የሚሆነውን የጓሳ ሣር ለማቆየት ሲል ይህን መሬት ከአራት መቶ ዓመት ያላነሰ ዕድሜ እንዳለው በሚነገርለት፣ ቄሮ በሚባለው ባህላዊ የመሬት አጠባበቅ ሥርዓት፣ አንዳንዴም ለተከታታይ ዓመታት ጭራሽ እየዘጋ ጠብቆታል። በዚያ ጥበቃ ምክንያት ሣሩ ቆየ፣ ሣሩ በመቆየቱ አይጡ በዛ፣ አይጡ በመብዛቱም በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በስተቀር የማይገኘው ቀይ ቀበሮ እዚያ ሊኖር ቻለ። ለአካለ መጠን የደረሱት ቀይ ቀበሮዎች በአገራችን ሁሉ ተደምረው ከ500 እንደሚያንሱ ይገመታል፤ ከእነዚህ መካከል ጓሳ ላይ የሚኖሩት ጥቂት አሥሮች ብቻ ናቸው።

ቀይ ቀበሮና ውሻ የቅርብ ዘመዳሞች በመሆናቸው የአንዱ በሽታ ለሌላው ይተላለፋል። ቀበሮዋ አይጥ የምታድነው ብቻዋን ቢሆንም ኑሮዋ ግን በመንጋ ነው፤ ንጋትና ምሽት ላይ የመንጋው አባላት ተሰባስበው ይተሻሻሉ፣ አፍ ለአፍ ይላላሳሉ፣ ከዚያ አብረው ክልላቸውን ሊያስሱ ይወጣሉ። ስለዚህ አንዷ የታመመች እንደሆነ በሽታው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መንጋውን ያዳርሳል። በባሌ ተራሮች የሆነው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 እና 1992 እንደገናም በ2003 ከውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ተነሥቶ በገባባቸው አካባቢዎች ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ የሚሆኑትን ጨረሰ፤ በ2006 እና በ2010 ደግሞ ዲስቴምፐር የተባለው የውሻ በሽታ ተከተለ። ባሌ ሰፊ በመሆኑና ብዙ ቀበሮ የሚኖርበት በመሆኑ ከዚያ ሁሉ እልቂት በኋላ ማንሰራራት ችሏል። ጓሳ ላይ እንዲህ ያለ በሽታ አንድ ጊዜ ቢገባ ግን ተመልሶ የሚራባ ዘር መትረፉን ማንም ሊያረጋግጥልን አይችልም።

«ውሻዬ ተከትቧል፤ ደግሞስ የእረኞቹ ውሾች እዚያው አሉ አይደል?» እንደሚሉኝ እገምታለሁ። ክትባት ውሻው እንዳይታመም በእጅጉ ይረዳል፤ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ አስተማማኝ የሆነ ክትባት የለም፤ በፀጉሩ ውስጥ የተሸከመውን ቁንጫ፣ መዥገርና የእከክ ተባይ፣ ወይም በእግሩ የረገጠውን፣ ውሻን በትውከትና በተቅማጥ የሚጥለውን የፓርቮ ቫይረስ ደግሞ የትኛውም ክትባት አያስቀረውም። የእረኞቹ ውሾች መኖራቸው እውነት ነው፤ በዙሪያው ያሉ ውሾች እንዲከተቡ የሚደረገውም ለዚሁ ነው። የእርስዎ ውሻ ግን ብዙ ባለቤት አልባ ውሾች ከሚርመሰመሱበት ከተማ የሚመጣ ስለሆነ በአካባቢው ያልነበረ በሽታ ይዞ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ የአንድ ውሻ ጉዳይ ብቻ አድርገው እንዳያዩት እለምናለሁ።

ሌላም ምክንያት አለ። ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ሳትሮጥ፣ ሳትቸኩል እየተራመደች አይጥ ስታድን ይታያል፤ ጭላዳዎቹም ልጆቻቸውን እንደማትነካ ስለሚያውቁ አይሸሹዋትም። እዚያው ጓሳ ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው ቀበሮዋ በጭላዳዎቹ መካከል ሆና ስታድን ከመቶ 67 ጊዜ ሲሳካላት፣ ብቻዋን ስታድን የሚሳካላት 25 ጊዜ ብቻ ነው። ጭላዳዎቹ ውሻ ካዩ ግን መንጋው በአንድ ጊዜ ወደ ገደሉ ይወርዳል። ይህን መተማመን ለማየት ያን ያህል መንገድ የሄደ ሰው በገዛ ውሻው አማካይነት እንዲበትነው አልፈልግም።

ከዚህ በኋላ ወደሚቻለው ጉዞ ልመለስ። ከአንኮበር ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ የሚወስደው የድሮ የነጋዴ መንገድ፣ በሸዋ ነገሥታት ዘመን ከባሕር ዳርቻና ከሐረር የሚመጣው ቅፍለት የሚያልፍበት፣ በበቅሎ ኮቴ የተሞረደ መንገድ ነው፤ ለውሻም ይስማማል። ወደ ወፍ ዋሻ የሚወስደው መንገድ ደግሞ በጽድ፣ በዝግባና በኮሶ ጥላ ሥር ስለሚያልፍ ለውሻ ቀዝቃዛና ለስላሳ ነው፤ ነገር ግን ጥብቅ ደን በመሆኑ ድኩላው፣ ጉሬዛውና ጭላዳው የሚኖሩበት ነውና ውሻዎ ከገመድ መፈታት የለበትም። ከመነሣትዎ በፊት ግን በየቦታው ያለውን የመንገድና የጸጥታ ሁኔታ እዚያው ከሚኖር ሰው ይጠይቁ፤ መንገድ የሚያውቅ የአካባቢው ሰው ከፊት ቢቀድምልዎ ደግሞ ለእናንተም ለውሻውም ይበጃል።

ዝግጅቱን ቢያንስ ከስድስት ሳምንት በፊት ይጀምሩ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰጠው ውሻ በቂ መከላከያ የሚያገኘው ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ስለሆነ፣ ጉዞው ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው አስከትበው ቢሄዱ እንዳልተከተበ ይቆጠራል። ቀድሞ የተከተበ ከሆነ ክትባቱ ዓመት እንዳላለፈው ወረቀቱን አይተው ያረጋግጡ፤ ወረቀቱንም ይዘው ይጓዙ፤ ምክንያቱም ውሻዎ በድንገት ሰው ቢነክስ የመጀመሪያው ጥያቄ «ተከትቧል ወይ?» የሚል ይሆናል። የዲስቴምፐርና የፓርቮ ጥምር ክትባት፣ የትል መድኃኒት እንዲሁም የመዥገርና የቁንጫ መከላከያ አብረው ይሰጡት። ከትል መድኃኒቶቹ መካከል ፕራዚኳንቴል ያለበትን ይጠይቁ፤ ምክንያቱን ስለ ምግብ ስጽፍ እመለስበታለሁ።

በሰሜን ሸዋ ገጠር ውስጥ ውሻ ይዞ ለሚሄድ መንገደኛ ትልቁ አደጋ አውሬ አይደለም፤ የሌላ ሰው ውሻ ነው። የመንዝ፣ የጠራና የአንኮበር ገበሬ ውሻ በጎቹን ከጅብ የሚጠብቅ፣ ለግቢው የሚሞት ውሻ ነው፤ እንግዳ ሰው ሲያይ ይጮኻል፣ እንግዳ ውሻ ሲያይ ግን ይመጣል። ወደ መንደር ሲቃረቡ ከሩቅ ቆመው «ውሻ ያዙልን!» ብለው ይጣሩ፤ መልስ ሳይሰሙ አይለፉ። ውሻዎን ባጭር ገመድ ከጎንዎ ያድርጉት፤ ገመዱም ከአንገቱ ይልቅ ደረቱን በሚያቅፍ ማሰሪያ ላይ ይታሰር፤ ገደላማ መንገድ ላይ ቢንሸራተት አንገቱ ሳይታነቅ ሊጎትቱት የሚችሉት በዚህ ብቻ ነው። በውሾች ጠብ መካከል እጅዎን ፈጽሞ አያስገቡ። እርስዎ ወይም ጓደኛዎ ከተነከሳችሁ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡት፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሄዳችሁ ክትባት ጀምሩ። ይህ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም። ጠበል የሚጠመቅ ሰው ጠበሉን ይጠመቅ፤ ነገር ግን ክትባቱን ለአንድ ቀንም ቢሆን አያዘግየው። የነከሰው ውሻ ባለቤቱ የሚታወቅ ከሆነም ሳይገደል ታስሮ ለ10 ቀን ይታይ።

ውሻን ስለ መቀበል ያለው የሰዉ ልማድም ከቦታ ቦታ ይለያያል። በክርስቲያኑ ደጋ ውሻ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር እንዳይገባ ጥብቅ ነው፤ ቅጥሩ ገና በሩቁ በጽድ ዛፎቹ ስለሚታይ ዞረው ይለፉ። ወደ አልዩ አምባና ወደ አርጎባ መንደሮች ሲወርዱ ደግሞ የሙስሊሙ ቤተሰብ ውሻ ዕቃውን፣ መስገጃውንና ልብሱን እንዳይነካበት ይጠነቀቃል፤ እንግዳ ተቀባይነታቸው የታወቀ ስለሆነ ቡና ይጠራዎታል፤ እርስዎም ውሻውን ከግቢው ውጭ አስረው፣ አንዳችሁ አብሮት ቆይቶ ሌላው ይግባ። የምትነሡበት ወር ጥር ነው፤ በጥምቀትና በጥር 21 አስተርዮ ማርያም መንገዱ በሕዝብ፣ በእልልታና በሆታ፣ አንዳንዴም በተኩስ ይሞላል። ድምፅ ያስደነገጠው ውሻ ገመዱን በጥሶ የሚጠፋው በእንዲህ ያሉ ቀናት ነው፤ በሁለቱ በዓላት ዋዜማ ከመንደር ራቅ ብለው ይስፈሩ።

አሁን ስለ ውሻው አካል እንነጋገር። ከእርስዎ ጋር ጠዋት መሮጡ ጥሩ ነው፤ ግን የግማሽ ሰዓት ሩጫ ለተከታታይ ቀናት ከሰባት ሰዓት የድንጋይ መንገድ ጋር አይተካከልም። ውሻ ደክሞኛል አይልም፤ ጌታው እስከ ሄደ ድረስ ይሄዳል። ስለዚህ ከመነሣትዎ ስድስት ሳምንት በፊት ጀምረው በሳምንት ሁለት ጊዜ ረጅም ጉዞ ያስለምዱት፤ ከተቻለም አስፋልት ላይ ሳይሆን ድንጋያማ ቁልቁለት ላይ ይሁን። የመዳፉ ቆዳ የሚጠነክረው በዚህ ብቻ ነው።

ስለ መዳፍ ትንሽ ልዘግይ፤ ምክንያቱም ከእነዚህ መንገዶች ተመልሰው ወደ እኔ ከመጡ ውሾች አብዛኞቹ የታመሙት እዚያ ነው። አንድ ጊዜ ከአንኮበር የተመለሰ ጥቁር ውሻ በጠረጴዛዬ ላይ ተኝቶ የፊት እግሩን ስገለብጠው፣ መሐለኛው ትራስ እንደ ተላጠ ድንች ቆዳው ተነሥቶ ሥጋው ቀይ ሆኖ ይታይ ነበር፤ በሁለቱ ጣቶች መካከልም የአጋም እሾኽ ተሰብሮ ቀርቶ መግል ቋጥሯል። ባለቤቱ ማነከሱን ያየው በሦስተኛው ቀን ነበር፤ ውሻው ግን እግሩን ደጋግሞ መላስ የጀመረው በመጀመሪያው ምሽት እንደ ነበር ኋላ አስታወሰ። ስለዚህ በየሁለት ሰዓቱ ዕረፍት አራቱንም እግሮች ያንሡ፤ በጣቶቹ መካከል በእጅዎ ይዳስሱ፤ መላስ ከጀመረ ያኔውኑ ይመልከቱ። ማታ ማታ እግሩን በለብታ ውኃ አጥበው፣ አድርቀው ቫዝሊን ይቀቡት። የተላጠ መዳፍ ካዩ በቤታዲን አጽድተው፣ በንጹሕ ጋዝ ጠቅልለው፣ ከላይ የሕፃን ካልሲ ያጥልቁለት፤ በማግሥቱ ግን ጉዞ የለም።

ሙቀት ሁለተኛው ጠላት ነው። ጥር በደጋው ብርድ ነው፤ ወደ አልዩ አምባ ሲወርዱ ግን በግማሽ ቀን ውስጥ ከደጋ ወደ ቆላ ይገባሉ፤ የደጋ ወፍራም ፀጉር ያበቀለ ውሻም ልብሱን እንደ እኛ አያወልቅም። ውሻ በቆዳው አያልብም፤ የሚቀዘቅዘው በማለክለክ ነው። ጤነኛ የሰውነት ሙቀቱ ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ሲሆን፣ ከ41 ካለፈ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። ምላሱ ረዝሞ ከጠቆረ፣ ለሃጩ ከወፈረ፣ ሲራመድ ከተንገዳገደ፣ ወዲያው ጥላ ሥር አስተኝተው ሆዱን፣ ብብቱንና የእግሩን ውስጠኛ ክፍል በውኃ እያራሱ በጨርቅ ያራግቡለት፤ በእርጥብ ጋቢ ጠቅልሎ መተው ግን ሙቀቱን ያፍንበታል። ከሁሉ የሚሻለው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሥቶ 5 ሰዓት ላይ ማረፍ፣ ከ9 ሰዓት በኋላም መቀጠል ነው።

ውሻዎ ዕረፍት ላይ እንኳ ሲሆን በቀን ከ1.2 እስከ 1.5 ሊትር ውኃ ይፈልጋል፤ ሲጓዝ ደግሞ የዚህን እጥፍ ይያዙለት፤ እስኪጠማው ሳይጠብቁም በየዕረፍቱ ትንሽ ትንሽ ይስጡት። የቆመ ኩሬ እንዳያጠጡት ይጠንቀቁ። በደጋው ምንጮችና ኩሬዎች ውስጥ አልቅት አለ፤ ውሻው ሲጠጣ ከምላሱ ሥር ወይም ከአፍንጫው ውስጥ ይጣበቃል። ከተጓዙ በኋላ ቀይ ለሃጭ ካዩ ወይም ከአንድ አፍንጫው ብቻ ደም ከተንጠባጠበ፣ አፉን ከፍተው ምላሱን ያንሡ፤ ከሥሩ የተንጠለጠለ፣ ደም ጠጥቶ የወፈረ ነገር ያያሉ። በደረቅ ጨርቅ አጥብቀው ይዘው ያላቅቁት፤ ካልላላ የጨው ውኃ ያግዝዎታል። ለከብት እንደሚደረገው የትንባሆ ውኃ ግን አያፍስሱበት፤ ትንባሆ ውሻን ይመርዛል።

ሸክም ማሸከም ከፈለጉ ዕድሜው ይፈቅዳል፤ ግን ከክብደቱ አንድ አሥረኛ አይለፍ፤ ለእርስዎ ውሻ 2.4 ኪሎ ማለት ነው፤ ከዚህ ውስጥ የራሱ ምግብ ይብቃው። ጠባብ የገደል መንገድ ላይ ሲደርሱ ሸክሙን አውርደው እርስዎ ይያዙለት፤ ቋጥኙ ሻንጣውን ሲገፋው ሚዛኑን ያጣል።

ገደልን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጣርማ በር በላይ ባለው አፋፍ የራሴን ውሻ ለአፍታ ፈትቼው ነበር። ሣር ይግጡ የነበሩ ጭላዳዎችን አይቶ ተፈተለከ፤ ጭላዳዎቹ እንደ ወትሯቸው ወደ ገደሉ ጫፍ ሮጠው ተንሸራትተው ተሰወሩ፤ እሱም ተከተላቸው። ከዚያ በኋላ የሰማሁት የድንጋይ መንከባለል ብቻ ነበር። ሦስት ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ አስታ የበቀለበት ደረጃ ስለያዘው ተረፈ፤ በገመድ ስናወጣው ሰውነቱ ሁሉ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጥፋቱ የውሻው አልነበረም፤ የእኔ ነበር። በዚህ አፋፍ ላይ «ጠርቼው ይመለሳል» የሚለው መተማመን ጭላዳ እስኪታይ ድረስ ብቻ ነው የሚሠራው።

ሌሊት ውሻው በድንኳኑ ውስጥ ከእናንተ ጋር ይተኛ፤ ውጭ ታስሮ የሚያድር ውሻ ለጅብ የቀረበ ነው፤ በወፍ ዋሻ በኩል ደግሞ ነብር አለ፤ ነብርም ውሻ ይወዳል። ብርዱን ለመቋቋም ከሥሩ ወፍራም ምንጣፍ፣ ከላዩ አሮጌ ቡልኮ ይበቃዋል።

ምግቡን ከቤት ይዘው ይሂዱ፤ በጾም ቀናት በመንገድ የሚያገኙት ሽሮና ምስር ነው፤ ወጡ ውስጥ ያለው ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያጠፋል። በበዓል ቀን በግ የታረደበት ቤት «ለውሻው» ብለው ሳንባና ጉበት ይጥሉለታል፤ በትሕትና አመስግነው እንዳይበላ ያድርጉ። በበግ ሳንባና ጉበት ውስጥ የሚታየው በውኃ የተሞላ ቋጠሮ የኤኪኖኮከስ ትል እጭ ነው፤ ውሻው ጥሬውን ሲበላው ትሉ በአንጀቱ ያድጋል፤ በዓይነ ምድሩ የሚወጣው ዕንቁላልም ወደ ሰው ገብቶ በጉበታችንና በሳንባችን ያንኑ ቋጠሮ ይሠራል፤ ይህንንም የሚያወጣው ብዙውን ጊዜ የቀዶ ሕክምና ቢላዋ ነው። ፕራዚኳንቴል ያለበትን መድኃኒት ይጠይቁ ያልኩት ለዚህ ነው፤ ከጉዞው በፊትም ከተመለሱ በኋላም ይሰጡት። በመንገድ ዳር የወደቀ ሥጋ ደግሞ ለጅብ ወይም ለባዘነ ውሻ የተቀመጠ መርዝ ሊኖርበት ስለሚችል እንዳያሸትተው እንኳ ገመዱን ያሳጥሩ።

በመጨረሻ የጉዞዎን ቅደም ተከተል ብቻ ይቀይሩት ዘንድ እመክራለሁ። አንኮበርን፣ አልዩ አምባንና ወፍ ዋሻን ከውሻው ጋር ሄደው ደብረ ሲና ላይ ያብቁ፤ ከዚያ በመኪና ወደ ደብረ ብርሃን ተመልሰው ውሻውን ለሚያውቀው ዘመድ ያስረክቡት፤ እግሩም ይረፍ። ልብሳችሁን፣ ጫማችሁንና ድንኳኑን በሳሙና አጥባችሁ፣ የውሻ ፀጉር ሳታስቀሩ፣ ሁለታችሁ ብቻ ወደ ጓሳ ውጡ። በንጋት ጅብራዎቹ መካከል ሳትንቀሳቀሱ ብትቀመጡ ቀይ ቀበሮዋ በጭላዳዎቹ መካከል ስታልፍ ታዩዋት ይሆናል።